«ፀባየኛ ልጅ ነው»

እንደምን አደራችሁ? ከሐዋሳም፣ ከዙሪያው ጤና ኬላዎችም ስለመጣችሁ ደስ ብሎኛል።

ከዓመታት በፊት ተረኛ ሆኜ አንዲት እናት የአምስት ቀን ልጇን ይዛ መጣች። የመጣችው እትብቱ ቀላ ስላለባት ነበር። ሌላውን ስጠይቃት «ፀባየኛ ልጅ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ አደረ» አለችኝ። «እሰይ፣ ያሳድግልሽ» ብዬ ወደ ካርዱ ዞርኩ። ጋቢውን የገለጠችው አብራኝ የነበረችው አዋላጅ ናት። እግሩ ቀዝቅዟል። ውስጥ እግሩን መታ መታ ስታደርገው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ስታቆም እሱም አቆመ። ቴርሞሜትሩ 35.2 አለ። ልጁ እየደከመ ነበር፣ እኔ ግን አመስግኜው ልሸኘው ነበር።

ትልቅ ሰው ሲታመም ያቃስታል። ጨቅላ ዝም ይላል። ኢንፌክሽን ደሙ ውስጥ ገብቶ እንኳ ላያተኩስ፣ ጭራሽ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ለዚህ ነው ከ37.5 ጀምሮ ያለው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ከ35.5 በታችም አደጋ የሚሆነው። የሳንባ ምች ይሁን ማጅራት ገትር በዚህ ዕድሜ በዓይን አይለይም፣ ስለዚህ የበሽታው ስም እስኪታወቅ አንጠብቅም።

በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል። የብዙዎቹ እናቶች «ደህና ነበር እኮ» ሲሉ ሰምታችኋል፣ እኔም ሰምቻለሁ።

«ይጠባል?» ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሁሌ «አዎ» ነው። በሲዳሙ አፎም በአማርኛም ያው ነው፣ የትኛዋ እናት ልጄ አይጠባም ማለት ትወዳለች? እኔ አሁን «ከትናንት ጋር ስታስተያዪው ዛሬ አጠባቡ እንዴት ነው?» እላለሁ። ከዚያ እፊቴ እንድታጠባው አደርጋለሁ፣ ጎርሶ ዝም ይላል ወይስ ይስባል ይውጣል፣ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ትንፋሹንም ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። የጨቅላ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይፈጥናል፣ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድገሙት። ወረፋው ረጅም እንደሆነ፣ በሩ ላይ ሰው እንደሚጮህ አውቃለሁ። ቢሆንም ደቂቃዋን አትንፈጉት።

ሪፈር ስትጽፉም ልጁን በባዶ አትላኩት፣ የመጀመሪያውን የአንቲባዮቲክ መርፌ ስጡት፣ ከዚያ እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ከዚህ እስከ ሆስፒታል በባጃጅ ንፋሱ ብርቱ ነው።

አሁን ስክሪኑ ላይ የአንድ ጨቅላ ደረት ይታያችኋል። ስልካችሁን አውጡና ደቂቃውን አስጀምሩ፣ አብረን እንቁጠር።