አልጋው ደርቋል ወይ? ስለ ሴት ነርሶች ታሪክ የተደረገ ውይይት

ዮናስ፦ ጤና ይስጥልን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕስ ሴቶች በነርስነት ሙያ ነው። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ተነስተን፣ በአዋላጆች አልፈን፣ ጤና ኤክስቴንሽን ጋ እንደርሳለን ብዬ ቅደም ተከተል ጽፌ ነበር። ሰብለ ግን ወረቀቱን ገለበጠችው።

ሰብለ፦ ከልዕልት ከጀመርን ዋርድ ሳንገባ ሰዓቱ ያልቃላ! ከወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ እንጀምር።

ዮናስ፦ ይሁን፣ ከእሳቸው።

ሰብለ፦ በፈረንጆቹ 1962 ነው። ገና ልጅ ናቸው፣ ከገጠር። 4 ቀን አምጠው፣ ልጃቸው ሞቶባቸው፣ ፊስቱላ፣ ማለትም በረዘመ ምጥ ፊኛ ተቀዶ ሽንት ሳይቆም የሚፈስበት ችግር፣ ይዟቸው አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገቡ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅ አከሟቸው። ማንበብ መጻፍ አይችሉም። ሲሻላቸው እዚያው ቀሩና አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ቀጥሎ ኦፕሬሽን ክፍል ገብተው መሣሪያ ማቀበል፣ ክር መቁረጥ፣ በመጨረሻ ራሳቸው መስፋት። በ1989 የሎንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሐምሊኖቹ ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው።

ዮናስ፦ ከአልጋ ማንጠፍ ተነስቶ!

ሰብለ፦ አልጋ ማንጠፍን እንዲህ አታሳንሰው። ፊስቱላ ዋርድ ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ራሱ ምርመራ ነው። አንሶላው ሲገለጥ ደረቅ ከሆነ ሰላም ነው። እርጥብ ከሆነ ወይ ካቴተሩ፣ ሽንቱን ከፊኛ የሚያወርደው ቱቦ፣ ተዘግቶ ሽንቱ በጎን እያመለጠ ነው፣ ወይ ስፌቱ ለቋል። ደግሞ የመጀመሪያው በጊዜ ካልተደረሰበት ሁለተኛውን ያመጣል፤ ፊኛው ሲሞላ ስፌቱን ይወጥረዋል።

ዮናስ፦ በምን ያህል ጊዜ?

ሰብለ፦ ቁጠረው እስቲ። በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር የምትጠጣ ሴት በሰዓት 150 ሚሊ ያህል ሽንት ታወጣለች። ቱቦው ተጣጥፎ ተረኛዋ ለ2 ሰዓት ካላየችው 300 ሚሊ ፊኛ ውስጥ ተጠራቅሟል። ትናንት የተሰፋ ፊኛ ነው እንግዲህ።

ዮናስ፦ ታዲያ ያን ሁሉ ውኃ ለምን ታጠጫታለሽ? ትንሽ ብትጠጣ ትንሽ አይደል የሚጠራቀመው?

ሰብለ፦ ይኸው! በሽተኞቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። ለወራት፣ ለዓመታት እንዳይፈስባቸው ብለው ውኃ መጠጣት ትተው የኖሩ ናቸው። ሽንት ሲወፍር ግን ደለል ይሠራል፣ ከደም ጋር ረግቶ የካቴተሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ኢንፌክሽንም ይከተላል። ስለዚህ ሦስት ሕግ አለ፦ ትጠጣ፣ ይፍሰስ፣ ይድረቅ። ሽንቱ ጆጉ ውስጥ ካለው ውኃ እስከማይለይ ድረስ ትጠጣ።

ዮናስ፦ እኔ የያዝኩት ቡና ይቆጠራል?

ሰብለ፦ አይቆጠርም።

ዮናስ፦ ሁለተኛ ስኒ ቢሆንስ?

ሰብለ፦ ጆግ ይምጣለት! አንተ እኔ ዋርድ ብትተኛ በመጀመሪያው ሌሊት ነበር ቱቦህ የሚዘጋው።

ዮናስ፦ (እየሳቀ) ይሁን፣ ተዘጋ እንበል። ተረኛዋ ምን ታድርግ?

ሰብለ፦ መጀመሪያ እጇ ወደ ሲሪንጅ አይሂድ፤ ዓይኗ ቱቦውን ይከተል። ብዙውን ጊዜ ሴትዮዋ ተኝታበታለች፣ ወይም ጭኗ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ለቆ ቱቦው ዞሯል። ፕላስተሩ የተለጠፈው እኮ ቱቦው ስፌቱን እንዳይጎትት ነው። ከረጢት ከተገጠመ ሞልቶ ይሆናል፣ ወይም አስታማሚ ከፊኛው ከፍ አድርጎ ሰቅሎታል። አንዳንድ ፊስቱላ ዋርድ ጨርሶ ከረጢት አይገጥሙም፣ አልጋው ሥር ሳፋ ያስቀምጣሉ። ጠብታው ከሩቅ ይታያል፣ ሲቆምም ያስታውቃል።

ዮናስ፦ ሁሉም ደህና ሆኖ ባይንጠባጠብስ?

ሰብለ፦ ያን ጊዜ ንጹሕ ሳላይን (የጨው ውኃ)፣ 20 ሚሊ፣ ቀስ አድርጎ። ቀስ! በኃይል የሚገፋ ሰው ስፌቱን ከውስጥ ነው የሚቀደው። ያስገቡት ካልተመለሰ ሌላ 20 አይጨመርም፣ ሐኪም ይጠራል። በራስ ፈቃድ ቱቦ መቀየርም የለም፤ ጫፉ ስፌቱን ሊነካው ይችላል።

ዮናስ፦ በ14ኛው ቀን ይወጣል ማለት ነው።

ሰብለ፦ 14ን ማን ነገረህ? የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2018 ቀላል ፊስቱላ ከሆነ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል ብሏል። ከዚያ በፊት በ8 የአፍሪካ አገሮች 7 ቀንን ከ14 ጋር አወዳድረው፣ የ7ቱ አልከፋም። አገራችንም ነበረችበት።

ዮናስ፦ «ቀላል» የምትለዋን ቃል አትዝለያት። ጠባሳ የበዛበት፣ ሁለቴ ሦስቴ የተሰፋ ከሆነ እኔ 14ን አልለቅም።

ሰብለ፦ እሱን አልከለከልኩህም። ግን ልማድ ስለሆነ ብቻ ሁሏንም 14 ቀን ማስተኛት አልጋ መያዝ ነው፤ በር ላይ የምትጠብቅ ሌላ ሴት አለች።

ዮናስ፦ እንግዲህ ቀዶ ሐኪሙ ይወስን። ወደ ታሪኩ እንመለስ? ጠጥቻለሁ፣ ፈሷል፣ ደርቋል።

ሰብለ፦ ቡና ነው የጠጣኸው! ደግሞ ከታሪኩ የት ወጣን? ሐምሊኖቹ ባቋቋሙት አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ለዓመታት ረዳት ነርስ ሆነው ያገለገሉት ብዙዎቹ ቀድሞ ታካሚ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ይሄ ውለታ መዋል ብቻ እንዳይመስልህ። አዲስ የመጣችዋ ሴት እርጥብ አንሶላዋን ትደብቃለች፤ የት እንደምትደብቀው የምታውቀው ደብቃ የምታውቅ ናት። ጆጉንም የምትጠጣው «እኔም ጠጥቼ ነው የዳንኩት» ስትላት ነው።

ዮናስ፦ እስማማለሁ። ግን ወይዘሮ ማሚቱን ከነርስ ታሪክ መቁጠርሽ አይዋጥልኝም። ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ ሐኪሞችን ያሠለጠኑ።

ሰብለ፦ መግቢያ በራቸው የቱ ነበር? አልጋ፣ ሳፋ፣ መሣሪያ ማቀበል። ይህ የነርስ ሥራ ካልሆነ የማን ነው?

ዮናስ፦ መግቢያ በር ሙያ አይሆንም። የነርስ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም እኮ።

ሰብለ፦ ወረቀቱን ነው የምታየው አንተ!

ዮናስ፦ ወረቀቱንም። ለወረቀቱ ታግለው ያመጡት ሴቶች አሉና። አሁን ልዕልት ፀሐይን ልጥራ?

ሰብለ፦ ጥራ፣ ፈቅጃለሁ።

ዮናስ፦ በፈረንጆቹ 1936 ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ሲሰደድ ልዕልቷ ገና 17 ዓመት አልሞላቸውም። በዚያው ዓመት ሎንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት፣ የሕፃናት ሆስፒታል፣ ተማሪ ነርስ ሆነው ገቡ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር ተማሪ ነርስ ማለት ሠራተኛ ማለት ነው፤ አልጋ ታነጥፋለች፣ ዕቃ ትቀቅላለች፣ የመስታወት ሲሪንጅ ታጥባለች። የንጉሥ ልጅ፣ እዚያ!

ሰብለ፦ በል፣ አልጋ ማንጠፍ አላልከኝም?

ዮናስ፦ (እየሳቀ) ብያለሁ። በ1939 የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ፣ ከዚያ ጋይስ ሆስፒታል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በ1941 ከነፃነት በኋላ ተመልሰው ደሴ ሆስፒታል አገለገሉ። በ1942 ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። 22 ዓመታቸው ነበር።

ሰብለ፦ ነርስ ሆና በወሊድ።

ዮናስ፦ መታሰቢያ ሆስፒታሉ ከዚያ ነው የመጣው፤ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክኸርስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰቡለት፣ በ1951 ተከፈተ። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። ሐምሊኖቹም በ1959 የመጡት ፊስቱላ ሊሰፉ አልነበረም፤ እዚያው ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ነው።

ሰብለ፦ ይሄንን መጀመሪያ ብትለው ወረቀትህን አልገለብጠውም ነበር። ምክንያቱም ቁልፉ አዋላጇ ጋ ነው። የልጁ ጭንቅላት ፊኛውን ከአጥንት ጋር አጣብቆ ሲቆይ ደም አይደርሰውም፣ ሥጋው ይሞታል፣ ከቀናት በኋላ ተቀርፎ ሲወድቅ ቀዳዳ ይሆናል። ፓርቶግራፍ፣ የምጡን ሂደት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ፣ በትክክል የምትሞላ አዋላጅ ግን ምጡ ቀጥ ሲል መስመሩ ላይ ታየዋለች፣ ሪፈር ትጽፋለች። የሐምሊን ድርጅት በፈረንጆቹ 2007 የአዋላጆች ኮሌጅ የከፈተው ለዚህ ነው።

ዮናስ፦ ጤና ኤክስቴንሽንስ? በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት፣ የ1 ዓመት ሥልጠና፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ...

ሰብለ፦ እነሱን ነርስ ልትላቸው ነው? ማሚቱን ከልክለህ?

ዮናስ፦ ነርስ አላልኩም! ግን እናትየዋን ቤቷ ሄዶ የሚያያት ማን ነው?

ሰብለ፦ እሱ ልክ ነው። ምጥ ረዝሞባት የወለደች ሴት ጤና ጣቢያው ካቴተር ሳያስገባ አይስደዳት። ትንሽ ቀዳዳ ቢጀምር እንኳ ቱቦው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከቆየ በራሱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ቤት ሄዳ «እየጠጣሽ ነው? ልብስሽ ደረቅ ነው?» የምትላት የኤክስቴንሽኗ ልጅ ናት።

ዮናስ፦ ካልደረቀችስ?

ሰብለ፦ አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት የለባትም፤ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረር፣ መቱ የፊስቱላ ማዕከል አለ። ሪፈር ወረቀቱ ላይ «ሽንት ያመልጣታል» ብቻ ተብሎ አይጻፍ። ምጡ ስንት ሰዓት ቆየ፣ በቀዶ ወለደች ወይስ በተፈጥሮ መንገድ፣ ካቴተር በስንተኛው ቀን ገባ፣ ስንት ቀን ቆየ፤ ተቀባዩ ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው እነዚህን አራቱን ነው።