ደመወዙ ጥሩ፣ ቢሮው ያማረ፤ ታዲያ ሠራተኛው ለምን ይታመማል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ናችሁ?

የትልልቅ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ደመወዙ ነው። ከዚያ ነፃው ምሳ፣ ጂሙ፣ አክሲዮኑ ይከተላል። እሁድ ማታ ሰኞን እያሰበ እንቅልፍ የሚያጣው መሐንዲስ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የሚሠራው። ስብሰባ ላይ ተዋርዳ ሽንት ቤት ገብታ የምታለቅሰውም እዚያው ናት። ዛሬ የምናወራው ስለነሱ ነው።

መርዛማ የሥራ ባህል ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው የሚጮህና የሚሳደብ አለቃ ነው። ክፉ አለቃ የትም አለ። እኔ ዛሬ የማተኩረው ደንቡ ላይ ነው። ደህና የነበሩ ሰዎችን እርስ በርስ የሚያናክስ፣ በወረቀት ላይ የሰፈረ ደንብ አለ። የምዘናው ደንብ፣ የአቤቱታው ደንብ፣ የቅጥር ውሉ ደንብ። ደንቡ እስካለ ድረስ አለቃው ቢቀየርም ተተኪው ያንኑ ይሠራል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(በስክሪኑ ላይ፦ አሥር ሰዎች። ሁለቱ አረንጓዴ፣ ሰባቱ ግራጫ፣ አንዱ ቀይ።)

ከማይክሮሶፍት እንጀምር። ኩባንያው ለዓመታት ሠራተኛውን የሚመዝነው "ስታክ ራንኪንግ" በሚባል ዘዴ ነበር። ሠራተኛን ከላይ እስከ ታች በደረጃ መደርደር ማለት ነው። ዘዴውን ታዋቂ ያደረገው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኃላፊ የነበረው ጃክ ዌልች ነው። እሱ ሠራተኛውን በሦስት ይከፍል ነበር፦ ከላይ 20 በመቶ፣ መሃል 70 በመቶ፣ ከታች 10 በመቶ። ከታች የቀሩት ይሰናበታሉ።

ጠጋ ብለን እንየው። አሥር ሰው ያለበት ቡድን አለ እንበል። ዓመቱን ሙሉ ለፍተዋል፤ ሥራቸውም ያማረ ነው። የግምገማው ወቅት ሲደርስ ግን ኮታ አለ። ሁለቱ "በጣም ጥሩ" ይባላሉ። ሰባቱ መሃል ይቀመጣሉ። አንዱ የግድ "ደካማ" መባል አለበት። አሥሩም ጎበዝ ቢሆኑ ያው ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ መውደቁ አይቀርም። አለቆቹ በር ዘግተው ይቀመጣሉ፤ የሠራተኞቹ ስም ፊታቸው ተደርድሯል። አንዱ አለቃ የራሱን ሰው ከፍ ለማድረግ የሌላውን ዝቅ ማድረግ አለበት። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የሚወድቀው ሁልጊዜ ሥራው የከፋው ሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ተከራካሪ ያጣው ነው።

እስቲ ከአሥሩ አንዱ እናንተ ብትሆኑ ብላችሁ አስቡት። አጠገባችሁ ያለው ልጅ ኮዱ አልሠራ ብሎት ሦስት ቀን ተቸግሯል። መፍትሔውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ብትነግሩት እሱ ከፍ ይላል፤ እሱ ከፍ ሲል እናንተ ወደ ታች ትቀርባላችሁ። ልጅ አላችሁ፣ የቤት ብድር አለባችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ዝም ይላል። ዝም ያለው ክፉ ስለሆነ ነው ለማለት ይከብደኛል። ደንቡ ደግነትን አስወድዶበታል። የማይክሮሶፍት ሠራተኞች ኋላ ላይ እንደተናገሩት፣ ጎበዝ መሐንዲሶች ከሌሎች ጎበዞች ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ላለመግባት ይሸሹ ነበር። ከጎበዝ ጋር መሥራት ለደረጃ አደጋ ነዋ! ኩባንያው ይህን አሠራር ያስቀረው ኖቬምበር 2013 ላይ ነው።

አሠራሩ ግን ከኢንዱስትሪው አልጠፋም። በ2021 ጋዜጦች የአማዞንን የውስጥ ሰነዶች ይዘው ወጥተው ነበር። በዘገባቸው መሠረት ኩባንያው በየዓመቱ ከቢሮ ሠራተኞቹ 6 በመቶ ያህሉ፣ "ቢሄዱም አንቆጭም" ተብለው፣ እንዲለቁ ግብ ያስቀምጣል። አንዳንድ አለቆች ደግሞ የራሳቸውን ቡድን ለማዳን ሲሉ የሚባረር ሰው አስቀድመው ይቀጥራሉ ተብሎ ተዘገበ። አማዞን ይህን አስተባብሏል። እኔን የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ራሱ ነው። ስንት ሰው እንደሚወጣ ሥራው ሳይታይ ከተወሰነ፣ አለቃው ቀሪውን ዓመት ምክንያት ሲፈልግ ይውላል።

ምክንያቱ የሚዘጋጅበት ወረቀት ደግሞ "ፒአይፒ" ይባላል፤ የሥራ አፈጻጸም ማሻሻያ ዕቅድ ነው። ለተወሰኑ ሳምንታት ግብ ይሰጣችኋል፣ በየሳምንቱ ትገመገማላችሁ። ከልብ ሲሠራበት ሰው ያድናል። ግቡ ሲድበሰበስ ግን፣ ለምሳሌ "ተነሳሽነትህን አሻሽል" ብቻ ሲባል፣ የስንብት ፋይል እየተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ተነሳሽነት መሻሻሉን የሚለካው ያው አለቃ ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ የቻት መስኮት። ባዶ።)

አሁን ወደ አቤቱታው እንሂድ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሰበረው እዚህ ነውና።

ሱዛን ፋውለር የኡበር መሐንዲስ ነበረች። ከኩባንያው ከለቀቀች በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 2017 ላይ፣ እዚያ ሳለች የደረሰባትን ጻፈች። አዲስ ቡድን ውስጥ በገባችበት የመጀመሪያ ቀን አለቃዋ በኩባንያው ቻት መልእክት ላከላት። ወሬው ስለ ሥራ አልነበረም፤ የወሲብ ጓደኛ እየፈለገ እንደሆነ ነበር። የስክሪኑን ፎቶ አንስታ ለሰው ኃይል ክፍል አስገባች። ማስረጃ ተገኝቷል፣ ነገሩ ግልጽ ነው፣ አይደል? የተሰጣት መልስ ሰውየው የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው፣ ሥራውም ከፍተኛ ውጤት ያለው ነው፣ ከማስጠንቀቂያ ያለፈ ቅጣት አንሰጠውም የሚል ሆነ። ለእሷ ሁለት ምርጫ ቀረበላት፦ ወይ ቡድን ትቀይር፣ ወይ እዚያው ትቆይና እሱ መጥፎ ምዘና ቢሰጣት ትቻለው።

ቆይታ ሌሎች ሴቶችን አነጋገረች። እነሱም ስለዚያው ሰው አመልክተው ነበር። እነሱም "የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው" ተብለው ነበር።

ይህ ታሪክ የሚያሳየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ውጤቱ ጥሩ የሆነ ሰው በደንብ ያልተጻፈ ጥበቃ ያገኛል። ሁለተኛ፣ አቤቱታ የሚቀበለው ክፍል ደመወዝ የሚከፈለው ኩባንያውን ከክስ እንዲጠብቅ ነው። ሠራተኛው ጥቃቱን ሲናገር ስለ ራሱ ደኅንነት ነው የሚያወራው። ሰሚው ደግሞ ስለ ኩባንያው ደኅንነት ያስባል። እዚያ ክፍል ውስጥ ቅን ሰዎች ሞልተዋል፤ ሥራቸው የተቀረጸበት መንገድ ግን ይኼ ነው።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ኡበር የቀድሞውን የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኤሪክ ሆልደርን ለምርመራ ቀጠረ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ከ20 በላይ ሠራተኞች ተባረሩ፣ መሥራቹ ትራቪስ ካላኒክም ከዋና ሥራ አስፈጻሚነት ለቀቀ። ብዙም ያልተወራለት ነገር የተከተለው ነው። ኩባንያው ከነበሩት 14 የተጻፉ እሴቶች አንዱ የሰው እግር መርገጥን የሚያበረታታ ነበር፤ ሐሳብህን ማንንም ሳትፈራ ተናገር ለማለት የታሰበ። ተተኪው ዳራ ኮስሮውሻሂ ኖቬምበር 2017 ላይ እሴቶቹን ሲቀይር ይህን አስወጣው። ለክፉ ጠባይ ሰበብ ሆኖ ነበርና። አየሽ፣ አየህ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሰው ይጎዳል።

ቀጥሎ የቅጥር ውሉ አለ። ብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎች ሠራተኛው ገና ሲገባ አንድ አንቀጽ ያስፈርሙታል፦ ብትበደል ፍርድ ቤት አትሄድም፣ ጉዳይህ በግልግል ዳኝነት በዝግ ይታያል። ይህ ማለት አንዷ የደረሰባትን ሌላዋ አትሰማም። አሥር ሰው በአንድ አለቃ ቢበደል፣ አሥሩም ብቻዬን ነኝ ብሎ ያስባል።

ኦክቶበር 2018 ላይ ኒውዮርክ ታይምስ አንድ ዘገባ አወጣ። አንድሮይድን የፈጠረው አንዲ ሩቢን የወሲብ ጥቃት ክስ ቀርቦበት፣ ጎግልም ክሱ ተዓማኒ ነው ብሎ ሳለ፣ 90 ሚሊዮን ዶላር የመሰናበቻ ክፍያ ተመድቦለት ወጣ የሚል። ሩቢን ክሱን አስተባብሏል። ኖቬምበር 1 ቀን 20,000 ያህል የጎግል ሠራተኞች በተለያዩ አገሮች ከቢሯቸው ወጥተው ተቃወሙ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይኸው የግዳጅ ግልግል እንዲቀር ነበር። ጎግል መጀመሪያ ለወሲባዊ ትንኮሳ ጉዳዮች፣ ፌብሩዋሪ 2019 ላይ ደግሞ ለሁሉም የሠራተኛ ክርክር እንደሚያስቀረው አስታወቀ። ከአስተባባሪዎቹ ሁለቱ፣ ሜሬዲት ዊታከር እና ክሌር ስቴፕልተን፣ የበቀል እርምጃ ተወስዶብናል ብለው በ2019 ለቀቁ፤ ኩባንያው በቀል አይደለም ብሏል። ማርች 2022 ላይ የአሜሪካ ሕግ በወሲባዊ ጥቃትና ትንኮሳ ጉዳይ ሠራተኛው ፍርድ ቤት የመሄድ መብት እንዲኖረው አደረገ። እነዚያ ከቢሮ የወጡ ሰዎች ባይወጡ ኖሮ ነገሩ እዚህ ባልደረሰ ነበር ብዬ አምናለሁ።

"ከከፋ ለምን አይለቁም?" የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ጥያቄ ስሰማ ቅር ይለኛል፤ ጠያቂው የሚለቅ ሰው የሚያጣውን አያውቅምና። ከደመወዝ ጋር የሚታሰበው የኩባንያው አክሲዮን የሚሰጠው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ነው። አማዞን ለረጅም ጊዜ የሠራበት ክፍፍል በመጀመሪያው ዓመት 5 በመቶ፣ በሁለተኛው 15፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 40፣ 40 ነው። ሁለት ዓመት ታግሦ የወጣ ሰው 80 በመቶውን ጥሎ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ በኤች-ዋን-ቢ፣ ማለትም ለውጭ አገር ባለሙያዎች በሚሰጠው የሥራ ቪዛ፣ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሥራው ከተቋረጠ በኋላ ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው። በዚያ ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ወይም ሌላ መፍትሔ ካላገኘ አገር ይለቃል። የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የሚስቱ ሥራ፣ ሁሉም በአንድ አለቃ ፊርማ ላይ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ ሰው ስብሰባ ላይ ሲሰደብ አንገቱን ቢደፋ አትፍረዱበት።

ሰዓቱስ? ቻይና ውስጥ "996" የሚሉት አሠራር አለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን፤ ቁጥሩ የመጣው በፈረንጅ ሰዓት 9 ሰዓት ገብቶ 9 ሰዓት ከመውጣት ነው። በ2019 ፕሮግራመሮች ጊትሃብ በሚባለው የኮድ መጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ተቃውሟቸውን ሲያሰሙ፣ የአሊባባ ኩባንያ መሥራች ጃክ ማ እንዲህ መሥራት መታደል ነው አለ። ኦገስት 2021 ላይ የቻይና ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሠራሩ ሕገወጥ መሆኑን አስታወቀ። 996 በሳምንት 72 ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋው በ35 በመቶ ይበልጣል።

አንድ ከባድ ታሪክ ልጨምር። የፈረንሳዩ ቴሌኮም ኩባንያ ፍራንስ ቴሌኮም፣ የዛሬው ኦራንዥ፣ በ2006 ዓመት፣ 22,000 ሠራተኞች እንዲወጡለት ፈለገ። ብዙዎቹ በቀላሉ የማይባረሩ ቋሚ ሠራተኞች ነበሩ። ስለዚህ ራሳቸው እንዲለቁ ኑሯቸው እንዲከብድ ተደረገ። ሰዎች ከቦታ ቦታ ተዛወሩ፣ ከሙያቸው ውጪ ሥራ ተሰጣቸው። ስንት ሰው አስወጣህ የሚለው የአለቆችን የቦነስ ክፍያ ይወስን ነበር። ኃላፊው ዲዲየ ሎምባር ሰዎቹ "በመስኮትም ይሁን በበር" ይወጣሉ ብሎ እንደነበር በፍርድ ቤቱ ተነሥቷል። ፍርድ ቤቱ የ39 ሰዎችን ጉዳይ መረመረ። ከነዚህ 19ኙ ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ ያጠፉ ናቸው። ዲሴምበር 2019 ላይ ኩባንያውና ኃላፊዎቹ ጥፋተኛ ተባሉ፤ ጃንዋሪ 2025 ላይ የአገሪቱ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት የሎምባርን ጥፋተኝነት አጸና። ፍርዱን ትልቅ የሚያደርገው ሰውየው የተከሰሰበት ነገር ነው። ሎምባር እነዚያን ሠራተኞች አብዛኞቹን በአካል አያውቃቸውም። የተፈረደበት ባወጣው ፖሊሲ ነው።

ወደ ትልቅ ኩባንያ ልትገቡ ከሆነ ወይም እዚያው ከሆናችሁ፣ ይህን አድርጉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ምዘናው ኮታ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከቡድኑ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ለቀቀ፣ ለምንስ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ሲድበሰበስ ልብ በሉ። ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለ ከመፈረማችሁ በፊት ለጠበቃ አሳዩት። በደል ከደረሰባችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃልና አብሮ የነበረውን ሰው በዚያው ቀን በግል ማስታወሻችሁ ጻፉ። አቤቱታችሁን በቃል ካቀረባችሁ፣ ያንኑ በኢሜይል ደግማችሁ ላኩ፤ ቀን ያለው ማስረጃ ይሆናችኋል። የኩባንያውን ኮድ ወይም ሚስጥራዊ ሰነድ ግን ወደ ግል ኢሜይላችሁ አታስተላልፉ። እሱ ብቻውን ለመባረር በቂ ምክንያት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ በደላችሁ መሆኑ ቀርቶ ስለላካችሁት ፋይል ይሆናል።