ጣና ሜዲትራኒያን ሲገባ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስለሚሠሩ፣ በማውስ ሲነኳቸው መልስ ስለሚሰጡ ግራፎች አውርተን ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ግማሹን ከዚህ በፊት መልሼዋለሁ። ግድ የለም፣ ደግሜ እመልሳለሁ፤ እናንተም ደግማችሁ ትረሳላችሁ።

ከፔዳ፦ መምህር፣ ከግራፍ መሥሪያ ላይብረሪዎች (ተዘጋጅተው ከሚመጡ የኮድ ስብስቦች) ፕሎትሊ፣ ቦኬ ወይስ አልቴር ልማር?

አንዱን ያዝ። ለጀማሪ ፕሎትሊ ይቀላል። ሦስቱንም በአንድ ክረምት እጨርሳለሁ ያለ ተማሪ አንዱንም ሲጨርስ አላየሁም።

ከጎርጎራ፦ እንቦጭ ያየሁባቸውን ቦታዎች ፎሊየም በሚባለው የካርታ ላይብረሪ ካርታ ላይ ሳስቀምጥ ነጥቦቹ ባሕር ውስጥ ገቡብኝ። ሐይቅ አላልኩም፣ ባሕር!

ኬክሮስና ኬንትሮሱን አገላብጠኸዋል። ባሕር ዳር በግምት ሰሜን 11.6፣ ምሥራቅ 37.4 ላይ ናት። ብትገለብጣት በቱኒዚያና በሲሲሊ መካከል፣ ሜዲትራኒያን ላይ ትወድቃለች። በታንኳ አይደረስም። ፎሊየም ኬክሮስን ያስቀድማል፤ ጂኦጄሰን የሚባለው የካርታ ዳታ ፋይል ደግሞ ኬንትሮስን።

ከሽምብጥ፦ በማትፕሎትሊብ (ሌላው የግራፍ ላይብረሪ) አማርኛ ስጽፍ ሳጥን ሳጥን ብቻ ይወጣል።

ፎንቱ ነው። ማትፕሎትሊብ ይዞት የሚመጣው ፎንት ፊደላችንን አያውቅም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫንና በኮዱ ውስጥ በስሙ ጥራው።

ከቀበሌ 14፦ ቤት ውስጥ በደንብ የሠራልኝ ግራፍ ዲፌንስ (የጥናት ጽሑፍ ማቅረቢያ) ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ሆነብኝ።

አይዞሽ። ፋይሉን ስታስቀምጪ ጃቫስክሪፕቱን፣ ማለትም ግራፉን የሚያንቀሳቅሰውን ኮድ፣ ከኢንተርኔት እንዲያመጣ አድርገሽዋል። ቤትሽ ዋይፋይ አለ፣ አዳራሹ ውስጥ የለም። በፕሎትሊ ሁሉንም አጠቃሎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ፋይሉ ጥቂት ሜጋባይት ይከብዳል፣ ግን ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ሁሌም የምለው ነው፦ ፋይላችሁ ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ እወቁ።

ከጤና ተቋም የደወለች እህት፦ የታካሚዎችን ዝርዝር በአልቴር በየቀበሌው ነጥብ አድርጌ ሠራሁ። ስማቸው እንዳይታይ አድርጌ በቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅኩት። ጓደኛዬ ግን አስፈራራችኝ። ችግር አለው?

አለው እታለም። ጓደኛሽን አመስግኛት።

ይህን ጥያቄ በየጊዜው እሰማለሁ፤ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሥዕል የላክሽ መስሎሻል። የላክሽው ግን ሰንጠረዡን ነው። የኤችቲኤምኤል (በብሮውዘር የሚከፈት ገጽ) ግራፍ ሲነኩት የሚመልሰው ዳታውን በሆዱ ስለያዘ ነው። አልቴር የሰጠሽውን ሰንጠረዥ ከነሙሉ አምዱ ፋይሉ ውስጥ ይከታል፤ ያልታየውን አምድ ጭምር። ከ5000 ረድፍ በላይ ሲሆን «አልችልም» የሚለውም ለዚህ ነው። ቦኬም ሰንጠረዡን በሙሉ ከሰጡት ያው ነው። ፕሎትሊ የጠራሻቸውን አምዶች ብቻ ይወስዳል፤ ግን በግራፉ ላይ የማይታይ አምድም ከተጠራ ፋይሉ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስም መደበቅና ስምን ከፋይሉ ማስወገድ ለየቅል ናቸው።

«በኖትፓድ ከፍቼ ስም ፈለግኩ፣ የለም» የሚሉኝ አሉ። አትዘናጉ። ፊደላችን በኮድ ተለውጦ ሊቀመጥ ይችላል፤ ዓይን አያየውም፣ ብሮውዘር ግን አሳምሮ ያነበዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ግራፉ ከመሠራቱ በፊት ስምና ስልክ ያለባቸውን አምዶች አውጡ። ከዚያ በየቀበሌው ደምሩና ድምሩን ብቻ ለግራፉ ስጡ። በአንድ ቀበሌ ሁለት ታካሚ ብቻ ካለ እሱም ይታወቃል፤ ጎረቤት ምን ይሳነዋል? ከሌላ ቀበሌ ጋር ደምሩት። ለማሳየት ብቻ ከሆነ ደግሞ ተራ ምስል ላኩ። ያልተሳለ ስም ምስል ውስጥ ተደብቆ አይቀመጥም።

አንቺ አሁን መልእክቱን አጥፊው። ግን ያወረደው አውርዶታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ዛሬውኑ ለኃላፊሽ ንገሪ። ከዚህ በላይ ያለውን እኔ በስልክ አልፈታውም።

ከዘንዘልማ፦ ለሁለት ዓመት ጥናት ላይብረሪ ልመርጥ ነው። ወደፊት ሊጨምሩ ያቀዱትን አይቼ ልወስን?

ዕቅዳቸውን አንብብ፤ ግን ገና ባልወጣ ነገር ላይ ሥራህን አታንጠልጥል። እነዚህን ላይብረሪዎች የሚሠሩት ሰዎች ያቀዱት ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይሰረዛል። እኔ ሊጨመር ከታሰበው ይልቅ ሊወገድ የታሰበውን አነባለሁ። ቦኬ ድሮ ቻርትስ የሚባል ቀላል ክፍል ነበረው። ተነቅሎ ወጣ፤ በእሱ የተሠራ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። ፕሎትሊም በማፕቦክስ የሚሠሩ ካርታዎቹን ትቶ ማፕሊብሬ ወደሚባል ሌላ የካርታ መሥሪያ እየዞረ ነው። አሮጌውን ትእዛዝ ስትጠቀም ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ያንን ማስጠንቀቂያ በኮድ አፉን የሚዘጉት አሉ፤ የመኪናው የዘይት መብራት ሲበራ ፕላስተር እንደሚለጥፍ ሹፌር።

ስለዚህ የምትሠራበትን ስሪት ጻፍ። ፒፕ ፍሪዝ በሚባለው ትእዛዝ የላይብረሪዎቹን ስሪት ዝርዝር አውጥተህ ከኮዱ ጋር አስቀምጥ። አፕዴት ማድረግ ካማረህ በሌላ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ከዋናው ሥራህ ተለይቶ ላይብረሪ የሚጫንበት ቦታ) ሞክር። እኔ አንድ ጊዜ ሪፖርት በማቀርብበት ጠዋት ሁሉንም አፕዴት አድርጌ፣ ቁርሴን ሳልበላ ግራፍ ስጠግን አረፈድኩ።

ስሙን ያልገለጸ አድማጭ፦ ስሪቱን ካልጻፍኩ ምን ይመጣል?

አሁን ምን አልኩ?

ከድባንቄ፦ የመሥሪያ ቤታችንን ዳሽቦርድ (ግራፎች በአንድ ገጽ የሚታዩበትን) ዳሽ በሚባለው መሣሪያ ሠርቻለሁ። ከላፕቶፔ ላይ ሆኖ ለመላው ኢንተርኔት ልክፈተው?

አትክፈተው። ዲበጉን (የስሕተት መፈለጊያውን) አጥፋና ሰርቨር የሚያውቅ ባለሙያ ጋ ሂድ።