አሮጌ ሞተር ሰጥቶ አዲስ አድቬንቸር መውሰድ፦ ልዋጭ ነው ወይስ ንግድ?

ሰላም ሰላም! ድሬዎች እንዴት ናችሁ? ሐረሮችስ? አቦ እናንተማ በነፋስ ላይ ናችሁ፣ እኛ እዚህ እየቀለጥን ነው። ማራገቢያውን ያጠፋሁት ለእናንተ ስል ነው፣ ድምፁ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ላቤን ካያችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ። ላብ በነፃ አይፈስም።

ዛሬ የምናወራው ስለ ልዋጭ ነው። የሞተር ልዋጭ። አሮጌዋን ሰጠሁ፣ ብር ጨመርኩ፣ ይሄን አመጣሁ። እዩት። ዞር ብላችሁ እዩት። ሮያል ኢንፊልድ ሂማልያን፣ ባለ 411 ሲሲ። አድቬንቸር የሚባለው፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆነው ዓይነት። እንዴት ገባ እንዳትሉኝ። ቀረጡ ተከፍሏል፣ ዲክላራሲዮኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ድሬ ላይ ከዋጋው በፊት የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ስለሆነ ነው ቀድሜ የተናገርኩት።

የሰጠሁት ደግሞ ባጃጅ ቦክሰር 150 ነው። ባጃጅ ስላችሁ ባለ ሦስት እግሩ አይደለም። ፋብሪካው አንድ ነው፣ የኔዋ ግን ባለ ሁለት እግር ናት። ስድስት ዓመት ነዳኋት። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ፣ ሲከፋኝ ደግሞ ሐረር። አንድ ቀን አላሳፈረችኝም። ሁለት ቀን አሳፍራኛለች፣ እሱን ሌላ ቪዲዮ ላይ አውርቼዋለሁ።

እሺ። ልዋጭ።

ልጅ ሆኖ ልዋጭ ያልሰማ አለ? ጠዋት ጠዋት ሰፈር ውስጥ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ። ሰውየው ትልቅ ማዳበሪያ ተሸክሟል፣ ሳፋው፣ ጆጉ፣ ሳህኑ ተደርድሯል። እናቴ ያንን ድምፅ ስትሰማ ቁም ሳጥን ትከፍታለች። እኔ ደግሞ ሱሪዬን ለማዳን እሮጣለሁ። አንድ ቀን አልደረስኩም። የአጎቴ ኮት፣ ሁለት ሱሪዬ እና አንድ ጥንድ ጫማ ሄደው አንድ ሰማያዊ ሳፋ መጣ።

አሁን ሰውየው ምን እንዳደረገ ልብ በሉ። መጀመሪያ ኮቱን አነሳ። ገለበጠው። «እናቴ፣ ይሄማ የድሮ ጨርቅ ነው፣ አሁን እንዲህ ያለ ከየት ይገኛል» አለ። እናቴ ደስ አላት። በጣም ደስ አላት። ኮቱ ተከበረ፣ አጎቴ ተከበረ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ተከበረ። ከዚያ ሳፋው ጋ ሲደርሱ «ይሄ ግን የውጭ ነው፣ አይሰነጠቅም፣ ሱሪ ቢጤ ጨምሪበት» አለ። ጨመረች። «ጫማም ካለ።» ጫማም ነበር። ኮቱን በውድ ገዛት፣ ሳፋውን ደግሞ በጣም በውድ ሸጠላት። እናቴ ያየችው ኮቱ የተወደሰውን ነው። ከቤት የወጣውን አልቆጠረችም።

አይሰነጠቅም የተባለው ሳፋ በሦስተኛው ሳምንት ተሰነጠቀ። ይሄ ከርዕሳችን ጋር አይገናኝም፣ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

የሞተር ልዋጭም ይኸው ነው። ነጋዴው ሞተራችሁን ይዞራታል። ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። «በደንብ ተይዛለች» ይላል። እናንተም ደስ ይላችኋል። ሒሳቡን እዩት፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ብዬ ያመጣሁት ነው፣ የገበያ ዋጋ ብላችሁ እንዳትሟገቱኝ። አንደኛው ነጋዴ አሮጌዋን በ80 ሺህ ልያዝልህ፣ አዲሱ 600 ሺህ ነው አለ። ሁለተኛው አሮጌዋን በ120 ሺህ፣ አዲሱን በ660 ሺህ አለ። ሰው ሁሉ ወደ ሁለተኛው ይሮጣል። «120 ሺህ አወጣችልኝ!» ብሎ ለጓደኛው ይደውላል። አቦ ቆይ፣ ከኪስህ የሚወጣውን ቁጠር። አንደኛው ጋ 520 ሺህ ትጨምራለህ። ሁለተኛው ጋ 540 ሺህ። 40 ሺህ ተወደስክ፣ 20 ሺህ ተበላህ።

ስለዚህ ነጋዴው ጋ መጀመሪያ ስትሄዱ አሮጌዋን ቤት ትታችሁ በባጃጅ ሂዱ። የአዲሱን ዋጋ በጥሬ ገንዘብ እንደሚገዛ ሰው ጠይቁ። ስለ አሮጌዋ ትንፍሽ አትበሉ። ከዚያ ደላላ እና መካኒክ ጋ ሄዳችሁ የአሮጌዋን ዋጋ አጣሩ። በሦስተኛው ቀን በሞተራችሁ ሂዱና «ልዩነቱን ስንት ልጨምር?» በሉ። አንድ ቁጥር ብቻ። ልዩነት። ሌላውን ወሬ ሻይ ላይ ታወሩታላችሁ።

«ለምን ለብቻዋ አትሸጣትም፣ የተሻለ ታወጣለች» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ እኔም በደላላ ቢሆን 15 ሺህ የበለጠ አገኝ ነበር። ሞከርኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ይመጣል፣ «ልሞክራት» ይላል፣ ይሄዳል። አንዱ ልሞክራት ብሎ ወስዶ አወዳይ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ጫት ይዞልኝ መጣ እንጂ ቤንዚኑን አልተካም። በዚያ ቀን 15 ሺሁን ለሰላሜ ከፈልኩ ብዬ ተውኩት። ጊዜ ያለው ሰው ለብቻ ይሽጥ። እኔ ጊዜ የለኝም፣ በሳምንት ሁለት ቪዲዮ አለብኝ። ላይክ አድርጉ እንጂ!

አሁን ወደ ሞተሩ ልገባ ነበር። ግን ፎቶውን የለጠፍኩ ቀን የመጣውን ኮሜንት ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ግማሹ «411 ሲሲ? በቃ 200 ይበራል!» ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ «ኢንጀክሽን ስለሆነ ደንገጎ ዳገት ላይ ጉልበት አይቀንስም» ይላል። (ደንገጎ ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጡ ያለው ዳገት ነው። ኢንጀክሽን ደግሞ ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጨው ነው።) ሁለቱም ስህተት ነው። ቡና እናፍላ፣ ረዘም ይላል።

ሲሲ ማለት ፒስተኑ ሲመላለስ የሚጠርገው ቦታ ነው። ስኒ በሉት። ሲሲ የስኒው ስፋት ነው። በደቂቃ ስንት ስኒ ይቀዳል የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፣ እሱ የሞተሩ ዙር ነው። ትልቅ ስኒ ይዛ ተረጋግታ የምትቀዳ አለች። ትንሽ ስኒ ይዛ እንደ ሠርግ ቤት የምትሯሯጥ አለች። ማን ብዙ ቡና ታጠጣለች? በስኒው ብቻ አታውቁትም። ማስረጃ? የቀድሞው ኬቲኤም 390 አድቬንቸር 373 ሲሲ ሆኖ ወደ 43 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። የኔ 411 ሲሲ ሆኖ ወደ 24 ብቻ። ስኒው ትልቅ፣ ጉልበቱ ግማሽ ትንሽ አለፍ ያለ! 200 ቀርቶ 130 አካባቢ ላይ ትንፋሹ ያልቃል።

ታዲያ ለምን ወሰድኩት? ያለውን ጉልበት ታች ስለሚሰጥ ነው። የሚጎትትበት አቅሙ፣ 32 ኒውተን ሜትር፣ 4 ሺህ ዙር አካባቢ ላይ ይገኛል። ሞተሩ ሳይጮህ፣ ማርሽ ሳላወርድ፣ ከኋላ ሰው ጭኜ ዳገት ይወጣል። ቦክሰሬ እዚያ ቦታ ላይ እንደ ፍየል ትጮህ ነበር።

ሁለተኛው ኮሜንት። ዳገት። ድሬ ከባሕር ወለል ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ሞተር ደግሞ የሚያቃጥለው ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ አየርም ነው። አሁንም ወደ ቡናችን። ድሬ ላይ ስኒው ውስጥ የሚገባው አቦል ነው። ደንገጎ ላይ ቶና ነው። ስኒው ያው ስኒ ነው፣ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ግን ቀጥኗል። በግምት በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ጉልበት ይሄዳል። ከድሬ ሐረር 7 በመቶ ያህል ማለት ነው። (የድሬ ሙቀትም በራሱ አየሩን ያቀጥነዋል። እሱን ዛሬ አልነካውም።)

ካርቡሬተር፣ ያ የድሮው ቤንዚንና አየር ቀላቃይ፣ ይሄን አያውቅም። ቶናው ላይም ለአቦል የሚበቃውን ስኳር ያፈሳል። ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ኢንጀክሽን ግን ቀምሶ ስኳሩን ይቀንሳል። ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን ስኳር ስለቀነስክ ቶና አቦል አይሆንም! ሰባቱ በመቶ ሄዷል፣ ሄዷል። ከቦክሰሬ 12 ፈረስ ላይ ሲሄድ ግን ያማል፤ ከዚህኛው 24 ላይ ሲሄድ ብዙም አይሰማችሁም። ልዩነቱ እሱ ነው። አሁን ኮሜንቱን ፒን አደርገዋለሁ፣ ሰውየውም አይቀየምም።

እሺ፣ ጊዜ ሄደብን፣ ሞተሩን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። የፊት ጎማ 21 ኢንች፣ የኋላ 17። የፊቱ ሞላ 200 ሚሊ ሜትር ይተጣጠፋል፣ የኋላው 180። ሆዱ ከመሬት 220 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ታንኩ 15 ሊትር። መቀመጫው 800 ሚሊ ሜትር፣ እግሬ ይደርሳል። ቸርኬው ባለ ሽቦ ነው፣ ስለዚህ የውስጥ ጎማ አለው፣ ስለዚህ ማጣበቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ይሄ አድቬንቸር የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1980 ቢኤምደብሊው አር 80 ጂ/ኤስ ብሎ ያወጣው ሞተር ነው ያስለመደው። በዓመቱ ፓሪስ ዳካር የሚባለውን የበረሃ ውድድር አሸነፈበት። ዛሬ ያው ዘር 1,300 ሲሲ ደርሷል። እሱን ይዛችሁ ሐረር የጁገልን ጠባብ ቅያስ ግቡና ታያላችሁ። ሸዋ በር ላይ አቁማችሁ በእግር ነው።

ክብደቱን ግን አልዘለውም። ቦክሰሬ ወደ 120 ኪሎ ናት። ይሄ ወደ 200 ይጠጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ከዚራ ላይ ቆም ልል ስል እግሬ አሸዋ ረገጠ። ቀስ ብሎ ተኛ። በጣም ቀስ ብሎ። ፍየል እንኳን አይታ የምትሸሽበት ጊዜ ነበራት። ሦስት የባጃጅ ልጆች መጥተው አነሱት፣ አንዱ «አቦ ሽጠውና ቦክሰር ግዛ» አለኝ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ጀርባችሁን ለሞተሩ ሰጥታችሁ፣ መሪውን በአንድ እጅ፣ ከኋላ መያዣውን በሌላው ይዛችሁ፣ በእግራችሁ ግፉት። በወገባችሁ አታንሱ።

ወረቀት። ይሄን ሰው ይዘለዋል። አሮጌዋን ስትሰጡ ነጋዴው «ስሙን በኋላ እናዞራለን፣ ገዢ ሲገኝ በቀጥታ ለሱ» ይላል። እኔንም ብሎኛል። እምቢ በሉ። ሊብሬው በስማችሁ ሆኖ ሞተሯ ሰው ብትገጭ የሚፈለገው ባለቤቱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ ነጂው ሌላ ሰው ቢሆንም። «እኔ እኮ ሰጥቻታለሁ» ብትሉ ሊብሬው ሌላ ይናገራል። እኔ ነጋዴውን ይዤ ውልና ማስረጃ ሄድኩ። ፊቱ ጠቆረ፣ ሻይ ጋበዝኩት፣ ፈረመ። የአዲሱንም የሻሲ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር በጣቴ እየቆጠርኩ አመሳከርኩ።

ትናንት ሳቢያን ላይ ቦክሰሬን አየኋት። ከኋላ ሦስት ጆንያ ተጭኖባታል፣ በቀኝ በኩል አልፋኝ ሄደች። እኔ አዲሱን 500 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ እያሟሸሁት ስለሆነ በ50 ነበር የምሄደው። ልጁ ዞር ብሎ አይቶኝ ሳቀ። ሰሌዳዋን በቃሌ ነው የማውቀው። መብራቱ ቀይ ነበር፣ እሷ አልቆመችም።

በሚቀጥለው ባቢሌ እንወርዳለን። ደወሏን ተጫኗት፣ አቦ።