ሰርዶ በበጋ፣ ቅንጨ አረም በክረምት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጓሮ አረም ነው። እኛ ጎንደር ክረምቱ ሲገባ ሁሉም ሰው መኮትኮቻውን ይዞ ጓሮ ይወጣል። መሬቱ ርሷል፣ መንቀሉ ይቀላል። እኔ ግን ሰርዶን በክረምት አልነካውም።

ለምን? ሰርዶ ከላይ የሚታየው ሳሩ ብቻ አይደለም። አፈር ውስጥ የሚሄድ ነጭ ግንድ አለው፣ መሬት ለመሬት የሚሳብም አለው። በየአንጓው ሥር ይሰዳል። በዶማ ስትቆራርጡት አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ እርጥበት ካገኘ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ሐምሌ ላይ ደግሞ እርጥበት ሞልቷል። አረምን ብላችሁ አባዝታችሁት ትገባላችሁ።

ሰርዶን በጥርና በየካቲት ነው መያዝ፣ ፀሐዩ ሲከር። አፈሩን ከስንዝር በላይ ጠለቅ አድርጎ መገልበጥ፣ ሥሩን አውጥቶ ለፀሐይ ማስጣት፣ ሰነባብቶ እንደገና መገልበጥ፣ የደረቀውን መልቀም። ያን ሰሞን እዚያው መደብ ላይ ጎመን የምታጠጡ ከሆነ ግን ሰርዶውንም እያጠጣችሁት ነው። ውሃ ከልክሉት። ክረምት ሲመጣ ዱባ ዝሩበት፤ ሰርዶ ጥላ አይችልም፣ ቅጠሉ ሲሸፍነው ይመነምናል። መድኃኒት ርጪበት የሚሉኝ አሉ። ልጆች በሚሮጡበት፣ ቃሪያና ጎመን በሚቀጠፍበት ጠባብ ጓሮ እኔ አላደርገውም።

ቅንጨ አረም ተቃራኒው ነው። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ መጤ ነው፤ አገራችን የገባው በ1970ዎቹ ከእርዳታ እህል ጋር እንደሆነ ይታመናል። የሚራባው በዘር ነው። አንዱ እግር ብቻውን ከ10 ሺህ በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል፤ ከበቀለ በአንድ ወር ገደማ ማበብ ይጀምራል። ስለዚህ እሱን በክረምት፣ አፈሩ ለስልሶ ሳለ፣ ያቺ ነጭ አበባ ሳትወጣ ከነሥሩ መንቀል ነው። እባካችሁ ጓንት አድርጉ። ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ያፍነዋል። እናቶች በባዶ እጃቸው ሲነቅሉት ሳይ አንጀቴ ይላወሳል። ከብት ከበላውም ወተቱ ይመራል።

አጥር ደግሞ አያግደውም። ዘሩ በጎርፍ ይመጣል፣ በመኪና ጎማ ይመጣል፣ ለግንባታ ከሚራገፍ አሸዋ ጋር ይመጣል። ጣናን ተመልከቱ። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ታየ፤ ከዚያ ወዲህ የደንቢያ ገበሬ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲያወጣ ኖረ። ገና ጥቂት ሳለ ቢደረስበት ያን ያህል ጉልበት ባልፈሰሰ ነበር።

እኛም ከጎረቤቶቼ ጋር ተነጋግረን፣ ሐምሌ እንደገባ የመንገዱን ቦይ በደቦ ልናርም ተስማምተናል። አበባ ያወጣ ካጋጠመን በማዳበሪያ ከረጢት አስረን እናቃጥለዋለን። ፍግ ክምር ላይ አይጣልም፤ ዘሩ እዚያው ከርሞ ከፍጉ ጋር ጓሮ ይመለሳል።