ክትባቱ ነፃ ነው፤ መንገዱስ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ «ነፃ ነው» ብለን ስለምናልፈው የሕፃናት ክትባት ነው።

በመንግሥት ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ለመደበኛ ክትባት ማንም ሳንቲም አይጠየቅም። ፕሮግራሙ በአገራችን የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። አያቴ «አንኪስ» እያለች በፍርሃት የምታነሣውን ኩፍኝ ለመከላከል ዛሬ በ9ኛውና በ15ኛው ወር የሚሰጡ ሁለት መርፌዎች አሉ።

ታዲያ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ምንም አልከፈለችም? በነሐሴ ጭቃ ልጇን አዝላ ቁልቁለቱን ወረደች፤ ጤና ኬላው ስትደርስ «እታለም፣ ዛሬ የመጣሽው ብቻሽን ነሽ፤ ማክሰኞ ተመለሺ» ተባለች። ባለሙያዋ ክፉ ሆና አይደለም። የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ሆኖ በብልቃጥ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለ10 ልጆች ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካልተሰጠ የተረፈው ይጣላል። ለአንድ ልጅ ብሎ የዘጠኝ ልጅ መድኃኒት መድፋት፣ ከዚያም ለአለቃ ማስረዳት ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ነው የሚለው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ብልቃጡ ይተካል፤ የጤፍ አረም የሚጠብቃት እናት ግን ማክሰኞ ለመመለሷ ማን ዋስ ይሆናል?

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው የፔንታ ክትባት የመጀመሪያው ዙር በ6ኛው ሳምንት፣ ማለትም በ42ኛው ቀን ነው የሚሰጠው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው ደግሞ በ40 ቀኑ ነው። ልዩነቱ ሁለት ቀን! ጠላው ተጠምቆ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አራሷ ከቤት የምትወጣበት ሰሞን ነው። የሴት ልጅ ግን 80 ቀን ነው፤ እናቷ ክርስትናውን ልጠብቅ ካለች የ6ኛውም የ10ኛውም ሳምንት ክትባት ያልፋታል። የክትባት ቀን የሚቆርጥ ሰው ይህንን ቢያሰላ፣ የንስሐ አባቱንም ቢያማክር ምን ይጎዳል? በጎጃም ገጠር የአራስ ቤትን ቀን ከቄሱ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ?

ቀኑ አልፎባችሁ «ተቆጥተው ይመልሱኛል» ብላችሁ የቀራችሁ እናቶች ካላችሁ፣ ያመለጠ ክትባት ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደገና ከአንድ አይጀመርም። ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከጠፋም ያለ ካርድ ሂዱ።