ከመሬት በታች ክዳን የሆኑ ስሞች

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ዛሬ የምናገረው በአየርላንድ ከመሬት በታች በተሠሩ መተላለፊያዎች ውስጥ የጣሪያ ክዳን ሆነው ስለተገኙ፣ ኦገም በተባለው የአየርላንድ ጥንታዊ ጽሕፈት ስለተቀረጹ ድንጋዮች ነው። ሊቃውንት አብዝተው የደከሙት ጭረቶቹን በማንበብ ነው፤ እኔ ግን ድንጋዩ የተገኘበት ስፍራ ከጽሑፉ ባልተናነሰ ሊነበብ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ኦገም በጥንቱ ሥርዓት 20 ፊደላት አሉት። ፊደላቱ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ የተፈለፈሉ ጭረቶችና ነቁጦች ናቸው፤ ንባቡም አብዛኛውን ጊዜ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ከቀሩት 400 ገደማ ድንጋዮች የሚበዙት በደቡብ አየርላንድ፣ በተለይም በኬሪ፣ በኮርክና በዋተርፎርድ የሚገኙ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ5ኛው፣ በ6ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጹ ናቸው። የሚሉት ጥቂት ነው፦ የእገሌ፣ የእገሌ ልጅ፣ ከእገሌ ወገን። «ልጅ» የሚለው ቃል «ማቂ» ተብሎ ተቀርጿል፤ ዛሬ በብዙ የአየርላንድ የቤተሰብ ስሞች መነሻ ላይ የምንሰማው «ማክ» ከዚሁ የመጣ ነው።

ከዘመናት በኋላ በክብ አጥር ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች ጉድጓድ ቆፍረው፣ ግራና ቀኙን ያለ ጭቃ በድንጋይ ክበው፣ ላዩን በረጃጅም ድንጋይ ከድነው አፈር መለሱበት። እህልና ወተት በቅዝቃዜ ያቆዩበት፣ ወራሪ ሲመጣም ይሸሸጉበት ነበር። ለእንዲህ ያለው ክዳን ከቆመ የመታሰቢያ ድንጋይ የተሻለ ከየት ይገኛል? በኮርክ ባሊኖክ በአንድ መተላለፊያ ብቻ 15 ተገኝተዋል።

በኬሪ፣ ደንሎ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1838 የተገኘው መተላለፊያ ደግሞ ይበልጥ ይናገራል። በውስጡ ከነበሩት ሰባት የኦገም ድንጋዮች አንዱ የተሰነጠቀ ክዳን መደገፊያ ሆኖ ቆሞ ነበር። በሦስቱ ላይ ደግሞ «ሙኮይ ቶይካኪ» የሚል የአንድ ወገን ስም ተደጋግሞ ይነበባል። ስለዚህ ግንበኛው ድንጋዮቹን ከየአቅጣጫው አልለቀመም፤ የአንድን ወገን መታሰቢያ ከአንድ አካባቢ ነቅሎ አምጥቷል ለማለት በቂ ምክንያት አለን። ይህን የአረማዊ ቅርስ ንቀት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ቋንቋው በእነዚያ ዘመናት ከመጠን በላይ በመለወጡ፣ ለግንበኛው ስሞቹ የባዕድ ያህል ሳይሆኑ አልቀሩም፤ ክንዱን ያሳሰበው የድንጋዩ ርዝመት ነው።

ዳግም ጥቅሙ ለእኛ ሁለት ነገር አትርፏል። መተላለፊያው ከጽሑፉ በኋላ እንደተሠራ ያለ ጥርጥር ይነግረናል፤ ጠርዙንም ከዝናብና ከከብት መታከኪያነት አድኖታል። በአንጻሩ ግንበኛው ለልኩ ሲል ጫፉን ይቆርጣል፣ የጽሑፉንም ከፊል በካቡ ውስጥ ይቀብራል። ድንጋዩ ከወጣ ደግሞ ያ ምስክርነት ይቀራል፤ በኮርክ ሩቭስሞር ከሚባል ስፍራ መተላለፊያ የወጡት ሦስቱ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ቆመዋል፣ ማን በማን ላይ እንደተጋደመ ግን ከዚያ አይታይም።

በሮስኮመን፣ ራትክሮሃን፣ «የድመቶች ዋሻ» የሚሉት ስፍራ ድንጋዩ እስከ ዛሬ ከቦታው አልተነሳም። ጎንበስ ብሎ የገባ ሰው መብራቱን ከጎን ሲያስጠጋ ጭረቶቹ በጥላቸው ብቅ ይላሉ፦ «ቭራይኪ ማቂ ሜድቪ»፣ የፍራይኽ፣ የሜድቭ ልጅ። የስፍራው ተረት ንግሥት ስሟ ሜድቭ በመሆኑ ጎብኚው ሁሉ ልጇን ያገኘ ይመስለዋል። የስም መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም፤ ድንጋዩ ግን አሁንም በመግቢያው ላይ አፈሩን ተሸክሞ ይገኛል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።